አክስቴ ለእኔ ያስቀመጠችው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ አክስቴ ተረት እየነገረችኝ፣ ልጅቷ ገና ዘንዶው ፊት ቆማ ሳለች፣ የያዝኩትን ገመድ ጥዬ የወጣሁት ምን ነክቶኝ ነው? ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዛሬ የሰባት ዓመት ልጅ እናት ነኝ፤ ጥያቄውን ግን እስካሁን አልመለስኩትም።

ጽሕፈቴ ጥሩ አይደለም። ሚስዮኖች ማታ ማታ በሚያስተምሩበት ክፍል ፊደል ቆጠርኩ፣ ማንበብ ስጀምር አገባሁ፣ በዚያው ቀረ። ስለዚህ የተሳሳተ ቃል ብታገኙ አልፋችሁ አንብቡ።

ቤታችን ከሆሳዕና ገበያ ወረድ ብሎ፣ ወደ ሌሞ ገጠር በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ትልቅ የሣር ቤት ነው፤ በአንድ በኩል እኛ፣ በሌላው በኩል ከብቶቹ፣ መካከል ላይ እሳት። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በልጅነቷ ወደ ሙዱላ በኩል ተድራ ሄዳ፣ እዚያው ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ ስትጨርስ ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። ለምን ልጇ ቤት እንዳልተቀመጠች ሰው ሲጠይቃት፣ «ምራቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ እሷም ወሬ ትወዳለች፣ እኔም ወሬ እወዳለሁ፤ አንድ ቤት ሁለት አፍ አይችልም» ትል ነበር።

ማታ ከብቶቹ ገብተው ራት ከተበላ በኋላ አክስቴ ከእሳቱ አጠገብ ቁጭ ብላ የቃጫ ገመድ ትገምዳለች። ቃጫ እንሰት ሲፋቅ የሚቀረው ነጩ ጭረት ነው፤ ታጥቦ ይደርቃል፣ ከዚያ ለከብት ማሰሪያ፣ ለቤት መሥሪያ ይሆናል። ገመድ ብቻውን አይገመድም፤ ጫፉን ይዞ የሚወጥር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እሷ በመዳፏ እያሸች ስታረዝመው እኔ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ተረቱ ሲጀመር እሳቱ ፊቴን ያቃጥለዋል፣ ተረቱ ሲያልቅ ጨለማው ውስጥ ጥጃ ተደግፌ እገኛለሁ፤ እሷን የማያት ከጭሱ ማዶ፣ ግማሽ ፊቷን በፍሙ ብርሃን ብቻ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ገመዱን ይዞ የሚመጣ ይመስል እጄ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

አክስቴ ሕግ ነበራት። ትንሽ ተናግራ ስታርፍ፣ ጫፍ የያዘው ሰው «እሺ» ማለት አለበት። እሺ ካልተባለች እጇም ምላሷም ይቆማል። ሌላው ሕግ ደግሞ፣ ተረት የሚሆነው ጫፍ ለያዘው ሰው ነው። ሌላው እሳት እየሞቀ ቢሰማም ለእሱ አልተነገረም። ጫፍ የያዘው ቢያንቀላፋ ወይም ቢጠራ ተረቱ እዚያው ይቆማል፤ እሱ እስኪመለስ ለማንም አይጨረስም። «የሰው እንጀራ ለሌላ አይቆረስም» ትላለች። ይህን ሕግ ከሙዱላ ታምጣው፣ ከራሷ ታውጣው፣ አላውቅም።

ያን ጊዜ የጀመረችልኝ ተረት እንዲህ ነው። ዝናብ እምቢ ያለበት አገር ነበር። አንዲት መበለት አንድ ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ ውኃ ፍለጋ ገደል ወረደች። ከገደሉ ሥር ምንጭ አለ፣ ምንጩን ዘንዶ ይጠብቀዋል። «ውኃውን ውሰጂ፣ ስምሽን ግን እዚህ ትተሽ ሂጂ» አላት። ልጅቷ ስም ምን ያደርጋል ብላ ተወችለት፣ እንስራዋን ሞልታ ተመለሰች። እናቷ ከደጅ ቆማ በስሟ ጠራቻት። ልጅቷ አልዞረችም፤ ሌላ ሰው የሚጠሩ መሰላት። እናትየው ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ልጅቷ እንደገና ገደሉን ወርዳ ዘንዶው ፊት ቆመች። ዘንዶው፣ «ስምሽን የምመልስልሽ አንድ ነገር ብትነግሪኝ ነው» አላት።

እዚህ ላይ አክስቴ አረፈች። እሺ ማለት ነበረብኝ።

ግን ያኔ ጋሽ ሱልጣን ሬዲዮ አምጥቶ ነበር። ጋሽ ሱልጣን ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ የሚሸጥ የጉራጌ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ከእኛ ደጅ ብዙ አይርቅም። ሬዲዮው በመኪና ባትሪ ነው የሚሠራው፤ ባትሪው ሲደክም ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ይሆናል። ጀምበር ስትገባ በረንዳው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሰፈሩ ይሰበሰባል። አንድ ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ፣ ሬዲዮው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉ ነበር። ጋሽ ሱልጣን ይስቃል።

«አባባ፣ ይቀመጡ። እሱ እርስዎን አይሰማም።»

«ቢሰማም ባይሰማም ሰላምታ ሰላምታ ነው» ይሉታል።

ያን ማታ ከበረንዳው የዘፈን ድምፅ መጣ። «አክስቴ፣ ነገ ትጨርሽልኛለሽ» አልኩና ጫፉን መሬት ላይ ጥዬ ወጣሁ። ያንን ብቻ ነው ያደረግኩት። በማግስቱም ሄድኩ። ከዚያም በኋላ ሄድኩ። አባቴ አልከለከለኝም፤ እንዲያውም፣ «ትሂድ፣ አማርኛ ትልመድ። ነገ ዳኛ ፊት ብትቆም አስተርጓሚ አትፈልግም» አለ። በእኛ ቤት የሚነገረው ሀዲይኛ ነው፤ አክስቴም አማርኛ አታውቅም ነበር።

አክስቴ አልተቆጣችኝም። ጫፉን ምሰሶው ላይ አሥራ መገመድ ቀጠለች። ታናሽ ወንድሜ ይቀልድባታል።

«አክስቴ፣ ምሰሶው እሺ ይልሻል?»

«ይላል። ከአንተ ይሻላል፣ አያንቀላፋም።»

«በይ የዘንዶውን ለእኔ ጨርሺልኝ።»

«እሱ የእህትህ ነው። አንተ የራስህን ጀምር።»

ይህን ወንድሜ ነው በኋላ የነገረኝ። እሱ ጫፍ እየያዘ የራሱን ተረቶች ሰማ፤ የእኔ ግን እንደቆመ ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ፣ ስወጣ ስገባ፣ «ዛሬ ቁጭ ብትዪ እንጨርሰው ነበር» ብላኛለች። እኔም ነገ አልኳት። ተረት የት ይሄዳል ብዬ ነው። ሬዲዮው ከተናገረ በኋላ አይደግምም፤ አክስቴ ግን እዚያው እሳት ዳር አለች። የልጅ ሒሳብ እንዲህ ነው።

ከዚያ የክረምቱ ብርድ ገባና አክስቴ ታመመች። ልጆቿ ከሙዱላ መጡ። እነሱ ቤት እንድትታመም አባቴን ለምነው በቃሬዛ ወሰዷት። የወሰዷት ቀን አመሻሽ ላይ ነው፤ እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በመንገዱ ሲያልፉ አይቻለሁ፤ ላዩ ጋቢ የተሸፈነ ነው። የሌላ ሰው መስሎኝ ወደ ሬዲዮው ዞርኩ። ቤት ስገባ እናቴ፣ «ስትጠራሽ ነበር» አለችኝ። ምሰሶው ላይ ግማሹ የተገመደ ገመድ ተንጠልጥሏል። እኔ ገመዱን ይዤ፣ ማንም ሳይናገር፣ «እሺ» አልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞቷ ተነገረን።

ከበረንዳው የሰማሁት ነገር ዛሬ አንዱም ትዝ አይለኝም። አንዱም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ያገኘሁት ከዚያው በረንዳ ነው። ስለዚህ ነው ጥያቄው የማይመለስልኝ። ባልሄድ ኖሮ ተረቱ ይኖረኝ ነበር፣ ለእናንተ ግን መጻፍ አልችልም ነበር።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ልጄ ማርታ ትባላለች። አምና ሳል ያዛት፣ አልለቅ አላት፣ አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት ላክናት። ያ የድሮው ቀልደኛ ወንድሜ ማለት ነው፤ አሁን እዚያ መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል። ልጅ የላቸውም፣ እሱና ሚስቱ እንደ ራሳቸው ልጅ ያዟት፣ አሳከሟት፣ ዳነች። ቤታቸው ቴሌቪዥን አለ። ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ፣ የሚናገርም ነው አሉ፤ እኔ አላየሁትም። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ ገንዘብ ኖሮን ብንገዛው እንኳ ሥዕሉ እስከ ሆሳዕና አይደርስም ይለኛል።

ማርታ ከአምስት ወር በኋላ ስትመለስ ወፍራ፣ ቀልታ መጣች። እዚያ «ሚሚ» ነው የሚሏት። ማርታ ብዬ ስጠራት ወዲያው ዞር አትልም፤ ሀዲይኛውንም ጥላው መጥታለች። በመጣች በሦስተኛው ቀን ኩራዙን ለኩሼ ቁጭ እንዳልን ግድግዳውን አየች አየችና፣

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ማታ ማታ ምን ይታያል?» አለችኝ።

«እኔ እታያለሁ።»

«አንቺንማ ቀን አይቼሻለሁ።»

ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ማታ ያለኝን ሁሉ ልሰጣት ብዬ የአክስቴን ተረት ጀመርኩላት። ገመድ የለም፤ ቀሚሴን ጫፉን አስያዝኳት። ስትሰማ አፏን ከፍታ ነው፤ ከመጣች እንደዚያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ዘንዶው ጋ ደረስኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ዘንዶው አዘነላትና ስሟን መለሰላት።»

ቀሚሴን ለቀቀችው። «እማዬ፣ ድምፅሽ ተለወጠ። አታውቂውም አይደል?»

«አላውቀውም።»

«አጎቴ ቤት ያለው እስኪያልቅ ያሳያል።»

«መብራት ካልጠፋ ነው» አለ ባለቤቴ፣ ከሚያርመው ደብተር ቀና ሳይል።

በማግስቱ ገበያ ወርጄ ከሙዱላ በኩል የመጣች ቅቤ ሻጭ ፈለግኩ። ተረቱን ጀምሬላት መጨረሻውን ስጠይቃት፣ አጠገቧ ያሉትን ሴቶች ጠርታ፣ «ኑ፣ ቅቤ ትታ ተረት የምትሸምት ሴት መጥታለች» አለች። ሲስቁ ቆዩና አንዷ ልጅቷ ዘንዶውን ገደለችው አለች፣ ሌላዋ ደግሞ ዘንዶው ባሏ ሆነ አለች። የአክስቴ እንደዚያ አይመስለኝም። ለወንድሜም ጻፍኩለት። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ያንቺ ነው ብላ ከልክላኝ የለ» ብሎ መለሰልኝ። ቀጥሎ ግን ቀልድ የሌለበት ነገር ጻፈ፤ ማርታን እዚያው እናሳድጋት፣ ጥሩ ትምህርት ቤት እናስገባት፣ መስቀል ሲያልፍ መጥቼ እወስዳታለሁ ይላል።

ባለቤቴ እሺ ብሏል። «እዚህ ሆና ምን ታያለች?» ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጁ ነው የሚያስበው። እውነትም አለው። እዚያ ሳሏ ድኗል፤ እዚህ ከተመለሰች የእሳቱ ጭስ ሌሊት እንደገና ያስላት ጀምሯል። ጭስ ያልኩት እኔ የምናፍቀውን ያንኑ የልጅነቴን ጭስ ነው፤ ለእሷ በሽታ ነው። ይህን እያየሁ አትሂድ ብል ለእሷ ይሆን ወይስ ለራሴ? ሂጂ ብላት ደግሞ፣ ስትመጣ እንግዳ ሆና ትመጣለች፣ ቆይታ ደግሞ አትመጣም። እኔ ራሴ የሚቀርብኝን ሳላውቅ ከቤት የወጣሁ ልጅ ነበርኩ፣ ያውም ጎረቤት ድረስ ነው የሄድኩት፤ እሷ የምትሄደው ስንት ቀን መንገድ ነው።

መስቀል ሊደርስ ነው። ልብሷን አጥቤ አጣጥፌዋለሁ፤ ሻንጣ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ልካችሁ የኖራችሁ ወይም አስቀርታችሁ የቆጫችሁ ካላችሁ፣ ምከሩኝ። ልስጣት ወይስ ልያዛት? ባለቤቴ ሐሳቡን ስለቆረጠ ደብዳቤያችሁን እሱ እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ስለዚህ ፊደሉን ጎላ፣ ነገሩን አጠር አድርጋችሁ ጻፉልኝ፤ ቀስ እያልኩ ራሴ አነበዋለሁ።