የወንድም ቤል ስም በአልበሙ ሽፋን ላይ

ወንድም ቤልን የማያውቅ የሰፈራችን የኦሬንጅ ማውንድ ሰው የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳሉ፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ይጫወታሉ። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ሲንጫጩ እንኳ አይቆጡም። "መጮኽ ካማራችሁ አንድ ላይ ጩኹ፤ ቢያንስ ዜማ ይውጣው!" ይሏቸዋል።

አርባ ዓመት ሙሉ እዚሁ ሜምፊስ ውስጥ ለስንቱ ዘፋኝ ተጫውተዋል። ስማቸው ግን አንድም የአልበም ሽፋን ላይ የለም። ያኔ የአጃቢ ስም ማን ይጽፍ ነበር? "የኔ ስም ያለው መንጃ ፈቃዴ ላይ ብቻ ነው" ብለው ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ያልቃል።

ሻሮንዳ እዚሁ መዘምራን መሀል ያደገች፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትሠራ፣ ሶል የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ዘፋኝ ናት። የመጀመሪያ አልበሟን ልትቀዳ ስትነሣ "እርስዎ ካልተጫወቱልኝ አልዘፍንም፤ ስምዎም ይጻፋል" አለቻቸው። በቀጠሮው ቀን ፀጉራቸውን ተስተካክለው፣ የፋሲካ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ስቱዲዮ መጡ። እኔና የአክስቴ ልጅ ኪዮና የሻሮንዳ ዘፈን ተቀባዮች ነበርን።

"ወንድም ቤል፣ ሠርግ አለ እንዴ?" አለቻቸው ኪዮና።

"አንቺን ለማግባት የሚደፍር እስኪገኝ እየተለማመድኩ ነው" አሏት።

ቀረጻውን የሚመራው ፕሮዲዩሰር ትሬቨር ከሎስ አንጀለስ የመጣ ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም። ድምፅ እንዳይደባለቅ ብሎ ሻሮንዳን መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጋባት። ኦርጋኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ስለሆነ፣ ወንድም ቤል ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው ተቀመጡ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፋላቸው።

ከዚያ ጉድ ፈላ። እሑድ ዝንፍ የማይሉት ሰውዬ አንዴ ይቀድማሉ፣ አንዴ ይዘገያሉ። ዘጠኝ ጊዜ ተሞከረ፤ ዘጠኙም ተጣለ።

"አባት፣ ማዳመጫው ውስጥ የሚቆጥረውን ብቻ ይከተሉ" አለ ትሬቨር።

"ማነው እሱ? መቼ ነው የሚተነፍሰው?"

"ማሽን ነው፤ አይተነፍስም።"

"ታዲያ በምኑ ልከተለው?"

ኪዮና ሳቀች፤ ሌላ የሳቀ የለም። ትሬቨር ወደ እኛ ጠጋ ብሎ "እስከ ምሳ ካልሆነ፣ የኦርጋኑን ነገር በኮምፒውተር እጨርሰዋለሁ" አለን በሹክሹክታ። ወንድም ቤል ማዳመጫውን አውልቀው ነበር፤ ጆሮም አላቸው፤ ሰሙ። ኮታቸውን ከወንበሩ አነሡ።

ሻሮንዳ በሩን በርግዳ ወጣች። "የት ሊሄዱ ነው?"

"ልጄ፣ በኔ ምክንያት ሥራሽ አይበላሽ።"

"እሑድስ መቼ እንደምጀምር እንዴት ነው የሚያውቁት?"

"ትከሻሽን አይቼ ነዋ! ትከሻሽ ሳይነሣ ጣቴ ምን ብሎ ይነሣል?"

ይሄኔ ገባኝ። የቤተ ክርስቲያናችንም ኦርጋን ወደ ግድግዳ የዞረ ነው፤ ግን ከበላዩ መስታወት ተሰቅሏል። ሰባኪውንም ዘማሪውንም በእሱ ነው የሚያዩት።

ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። የወለደች ታውቀዋለች፤ ሕፃን መኪና ውስጥ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ስለሚቀመጥ፣ እየነዳን እንድናየው የኋላ ወንበር ላይ የምናስረው መስታወት አለ። የኔው ዳር ዳሩን ዝሆን ተስሎበታል። ፈትቼ አመጣሁትና በኪዮና የፀጉር ማሰሪያ ኦርጋኑ ላይ ጠፈርኩት።

"ዝሆን እያየሁ ልጫወት?" አሉ ወንድም ቤል።

"ዝሆኑን ይተዉት፤ መሀሉን ይዩ።"

አዩ። ሻሮንዳ ክፍሏ ገብታ እጇን አውለበለበችላቸው። ፈገግ ብለው "በሉ ያንን የማይተነፍስ ሰውዬ ዝም አሰኙልኝ" አሉ።

ትሬቨር ተንፈስ ብሎ የሚቆጥረውን ማሽን አጠፋው። የሻሮንዳ ትከሻ ብድግ አለ፤ ኦርጋኑም ትኩስ የበቆሎ ዳቦ ላይ እንዳረፈ ቅቤ ከድምፅዋ ሥር ሰረገ። እኔና ኪዮና መቀበላችንን ልንረሳው ምንም አልቀረን።

ዘፈኑ ሲያልቅ ትሬቨር "ይኸው ነው፤ ይህንን አልደግምም" አለና ወረቀት ሳበ። "አባት፣ ሽፋኑ ላይ 'ቤል' ብቻ ብንል ይበቃል?"

"ምን ይበቃል! አርባ ዓመት ጠብቄ?" ብዕሩን ከእጁ ወሰዱ። "እናቴ ስትቆጣኝ እንደምትጠራኝ፣ ሙሉ ስሜ ነው የሚጻፈው።"

ቀስ ብለው ጻፉ፦ ክሊዮፈስ ሬይመንድ ቤል፣ ኦርጋን። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ለትሬቨር ሲያቀብሉትም "እንዳታጥፈው" አሉት።