ኩሉን ማን ያስለቅቀው?

በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ፣ ቤ በሚባለው ሰፈር ሙሽራ የሚያስውቡ ሴቶች ሞልተው ነበር። ዓይን መኳል ከተባለ ግን ሁሉም የሚጠቁመው ወደ አዮኮ ቤት ነው። ኩሉን ስትስበው እጇ አይንቀጠቀጥም። ሰው ሠራሹን ሽፋሽፍት በሙጫ ስትለጥፈው አብሮ የተወለደ ይመስላል። ላብም እንባም አያወርደውም፤ የምትኮራውም በዚሁ ነበር። "አማትሽ ብታስለቅስሽ እንኳ የእኔ ኩል ንቅንቅ አይልም" እያለች ሙሽሮቹን ታስቃቸዋለች።

አኮፋ የምትባለውንም ሙሽራ እንዲሁ እያሳቀች ኳለቻት። ሠርጉ አማረ፣ ተጨፈረ፣ ተበላ። ብዙም ሳይቆይ ግን የአኮፋ እናት አብላቪ ልጇን በክንዷ እየጎተተች፣ በሩን እንኳ ሳታንኳኳ አዮኮ ቤት ገባች።

"ነይ እዪ የእጅሽን ሥራ!"

አኮፋ ሻሿን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። የዓይኖቿ ቆቦች ቀልተው አብጠዋል። የግራው ሽፋሽፍት ሳስቷል፤ ጥግ ላይማ ጭራሽ የለም።

"ምን አድርገሽው ነው ልጄ?" አለች አዮኮ ደንግጣ።

"አልወርድ አለኝ። በሳሙና ፈተግሁት። ከገበያ ማስለቀቂያ ገዝቼ ሞከርኩ፤ እሱ ደግሞ እንደ በርበሬ አንገበገበኝ። ሲያቅተኝ ሽፋሽፍቱን ጎትቼ ነቀልኩት።"

"አማቷ ምን እያለች እንደምታስወራ ታውቂያለሽ?" አብላቪ ጮኸች። "'ሙሽራዋ ልጄን ጠልታው ስታለቅስ ነው የምትውለው' ትላለች! መቀባቱንስ ቻልሽበት፤ ማስለቀቁን ማን ያስተምርሽ?"

አዮኮ የአኮፋን ዓይን ጠጋ ብላ አየችው። እሷም ራሷ ለዓመታት ዓይኗን በሳሙና ስትፈትግ ኖራለች። የገዛ ሽፋሽፍቷ ከሳሳ ቆይቷል። ዕድሜ ነው ብላ በሰው ሠራሽ ሸፍናው ነበር እንጂ አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችም።

አኮፋን ይዛ ወደ ዓይን ክሊኒክ ሄደች። ፌሊሲቴ የምትባለው ነርስ ዓይኑን አይታ ቅባት ሰጠቻትና ሽፋሽፍቱ ቀስ ብሎ እንደሚመለስ ነገረቻት። አዮኮ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም።

"በምን ነው ማስለቀቅ ያለብኝ?"

"ንጹሕ ይሁን፣ አይቆጥቁጥ፣ ሽቶ አይኑርበት። ወደ ዓይን ውስጥ አይግባ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳትፈትጊ" አለች ነርሷ። "ሙጫሽን የቱ እንደሚያስለቅቀው ግን እኔም አላውቅም። ስታገኚው ለእኔም ንገሪኝ።"

አዮኮ እቤቷ እንደደረሰች በሯ ላይ ለማስታወቂያ የተሰቀለውን የተኳለ ዓይን ሥዕል አወረደችው። ማስለቀቂያው እስኪገኝ የማንንም ዓይን ላትነካ፣ ሙከራውንም በራሷ ዓይን ላይ ብቻ ልታደርግ ቆረጠች። የሚመጡትን ሙሽሮች ጠጉር ብቻ እየሠራች ትሸኛቸው ጀመር።

ከሰሜን የሚመጣውን፣ ሺያ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅቤ ሞከረች። ረጋ ያለ ነው፣ ግን ዓለምን ሁሉ ጭጋግ አለበሰባት። የዘንባባ ፍሬ ዘይቱ ሽታው ራሷን አዞረው። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ሲካ ባየቻት ቁጥር ትስቃለች።

"ዛሬ ደግሞ ምን ተቀባሽ? ሽንኩርት ጨምሪበትና እንብላሽ!"

"ሳቂ እቴ። ያገኘሁት ዕለት አንቺን ነው መጀመሪያ የማጥብሽ።"

በመጨረሻ አኔሆ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ አክስቷ ዴዴ ዘንድ ወረደች። ዴዴ የኮኮናት ዘይት እያወጣች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ተቀምጠው ኮኮናቱን ፈቀፈቁት፣ ወተቱን ጨመቁት፣ የሰፈፈውን እሳት ላይ ጣዱት። ዴዴ ሽታው እንዲያምር እስኪቀላ ነው የምታቆየው፤ አዮኮ ግን ገና ሳይጠቁር ይውጣ አለች።

"በእኔ ድስት ላይ አዛዥ ሆንሽ?"

"አክስቴ፣ ዓሣ አይደለም የምጠብስበት፤ ዓይን ነው።"

ዴዴ እያጉረመረመች አወጣችው። ዘይቱ እንደ ውሃ ጠራ። አዮኮ በጥጥ አድርጋ ብትሞክረው አልቆጠቆጣትም። ሙጫው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ኩሉም ጉንጯን ጥላሸት አስመሰለው። ተስፋ ልትቆርጥ ደረሰች። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሌላ ጥጥ ነክራ የተጨፈነ ዓይኗ ላይ አኖረችና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ዴዴ ይኼኔ የአንድ ዘመዳቸውን ሁለተኛ ትዳር ታሪክ ጀመረች። ታሪኩ ረዘመ። አዮኮም በሳቅ ጥጡን ረሳችው። ዴዴ ስትጨርስ አነሳችው፤ ሽፋሽፍቱም ኩሉም ጥጡ ላይ ተለጥፎ መጣ።

"አልጎተትኩትም!" ብላ ብድግ አለች። "አክስቴ፣ አልጎተትኩትም እኮ! ራሱ ነው የመጣው!"

ለካ የሚፈለገው ዘይቱ ብቻ አልነበረም፤ ትዕግሥቱም ጭምር ነው። ከዚያ የቀረውን ቅባት ለብ ባለ ውሃ አጠበችው። ለሳምንታት በራሷ ላይ ደጋገመችው፤ ዓይኗ አልቀላም። ፌሊሲቴም አይታ ምንም የለብሽም አለቻት።

ያኔ አብላቪ ቤት ሄደች።

"ደግሞ ምኑን ልትነቅይ መጣሽ?" አለች አብላቪ በሩ ላይ ቆማ። አዮኮ የዘይቱን ጠርሙስ አሳይታ ማስለቀቂያውን እንዳገኘች ነገረቻት።

እናቷን ልትጠይቅ መጥታ የነበረችው አኮፋ ከውስጥ ወጣች፤ ሽፋሽፍቷ ተመልሷል። "የባሌ እህት ልታገባ ነው። መኳል አምሮኛል እማዬ፤ ልቀመጥላት።"

"አንቺን? መጀመሪያ እኔን!" እናትየው ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ካጠፋሽ የእኔን አጥፊ። እኔ ከእንግዲህ የማገባ አይደለሁ።"

አዮኮ ኳለቻት፣ ሽፋሽፍቱንም ለጠፈችላት። አብላቪ በመስታወት አይታ ፈገግታዋን ዋጠችው። ከዚያ ጥጡ ዓይኗ ላይ ተደረገ። በጥጡ ሥር ሆና የአማቲቱን ሐሜት፣ የገበያውን ማስለቀቂያ፣ የአዮኮን ትዕቢት አንድ በአንድ ወቀሰች። አዮኮ እሺ፣ አዎ፣ ልክ ነሽ እያለች ጠበቀች። ከዚያ ጥጡን አነሳች፣ አጠበች፣ በለስላሳ ጨርቅ አደረቀች።

"ታዲያ መቼ ነው የምትጀምሪው?" አለች አብላቪ ዓይኗን እንደጨፈነች።

"ጨርሻለሁ እኮ።"

አብላቪ ዓይኗን ገልጣ መስታወቱን ተቀበለች። ሽፋሽፍቷን በጣቷ ነካካችው፤ አንድም አልጎደለም። ዘወር ብላ "አኮፋ፣ ነይ ተቀመጪ" አለች።

ከዚያ በኋላ አዮኮ ሥዕሉን መልሳ ሰቀለችው። ግን ለማስለቀቅ ተመልሳ ለመምጣት ቃል የማትገባ ሙሽራ ዓይን አትኩልም። "ይኼ ሁሉ ጣጣ ምንድነው" ብለው ሌላ ቤት የሄዱ አሉ። እሷም ደህና ሁኑ ትላቸዋለች።