የመክሊት ሰማያዊ ቀሚስ

የልብስ ሰፊ ዐይን ሌባ ነው። ሰው በደጄ ሲያልፍ ከፊቱ ይልቅ ትከሻውን ነው የማየው። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው!

የጫኖ መንደሩ ሙዝ ገበሬ የዳልጮ ልጅ፣ መክሊት፣ መጀመሪያ ሱቄ ስትመጣ ሻርፔን አላወልቅም ብላ አስቸገረችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ልክ የምወስደው ከሻርፕሽ ነው እንዴ?» አልኳት።

ስታወልቀው ቀኝ ትከሻዋ ሽቅብ ወጥቷል፣ ግራው ወርዷል፤ አከርካሪዋ እንደ ኩልፎ ወንዝ ተጠማዝዟል። አንጀቴን በላችው። ግን ሳዝንላት ብታየኝ ተመልሳ አትመጣም። «ቁመናሽ ሲያምር! ምን ያስጎነብስሻል?» ብዬ ተቆጣኋት።

ከዚያ ወዲህ ልብሷን የምሰፋው እኔ ነኝ። የግራውን ትከሻ በስፖንጅ እሞላለሁ፣ የቀኙን የታች ጠርዝ አስረዝማለሁ። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ሰካራም የሰፋው ይመስላል፤ እሷ ስትለብሰው ግን ቀጥ ይላል። በተለይ ሰማያዊው የመዘምራን ቀሚሷ፣ እናቴ ትሙት፣ ማንም አልነቃበትም። እሷም እንዴት እንደሰፋሁት ጠይቃኝ አታውቅም፤ መስታወቱ ከታረቃት ይበቃታል።

ጥምዝምዙ ግን እየባሰ ሄዶ መተንፈስ አስቸገራት። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች፣ «አከርካሪዋን ቀዶ ጥገና አድርገን በብረት እናቃናዋለን፤ ትከሻዋ ፍጹም እኩል እንደሚሆን ግን ቃል አንገባም» አሉ። ዳልጮ «ልጄን ያጎበጣት ያሸከምኳት ሙዝ ነው» እያለ ሲብሰለሰል ኖሮ፣ በሸክም የመጣ እንዳልሆነ ሲነግሩት እዚያው አለቀሰ።

መክሊት ልትሰናበተኝ መጣች። «እትዬ አገኘሽ፣ ትከሻዬ እኩል ካልሆነ በከንቱ ተቀደድኩ ማለት ነው» አለችኝ።

«አፍሽን ያዢ! ብቻ በእግርሽ ተመለሺልኝ» አልኳት።

ከወራት በኋላ በእግሯ መጣች። እልልታዬ ሰፈሩን አደበላለቀው! እሁድ ልትዘምርበት ሰማያዊውን ቀሚስ በፌስታል ይዛለች። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለበሰችው። አልወጣ ብትለኝ መጋረጃውን ስገልጥ መስታወቱ ፊት ቆማ ታለቅሳለች።

«ይዩት! አሁን ደግሞ ግራው ወጣ። ያ ሁሉ ስቃይ በከንቱ!»

እውነትም ግራው ወጥቷል፤ ጠርዙም በቀኝ በኩል ወርዷል። በሞትኩት! ከድንጋጤዬ የተነሳ የራሴን ሥራ ረሳሁት። ትከሻዋን ስዳብሰው እጄ ስፖንጁን አገኘው፤ ሳቄ አመለጠኝ።

«ይስቁብኛል?» ብላ ሻርፗን አፈፍ አድርጋ ተከናነበች።

«አንቺ ሞኝ፣ ጠማማው ቀሚሱ ነው! እኔው ነኝ አጣምሜ የሰፋሁት። አንቺማ ቀጥ ብለሻል!»

አላመነችኝም። እጇን በአንገትጌዋ ሰድዳ ስፖንጁን መዥርጣ አወጣችው፤ እያገላበጠች አየችው። እንደገና ወደ መስታወቱ ዞረች። የቀረው ልዩነት ጣት ቢያህል ነው፤ እሱንም የሚያየው የኔ ሌባ ዐይን ብቻ ነው።

ከዚያ ማንም ሳይነግራት ሻርፗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ወረወረችው።

«በሉ እትዬ» አለችኝ፣ «እንደገና ይለኩኝ።»