በልጄ ራስ ላይ የሰበርኩት እንቁላል

ልጄ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ስትመጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትቻት የወጣሁት ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ ያሳደገቻት እህቴ ናት። ኤርፖርት ስቀበላት ሮጣ የምትጠመጠምብኝ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እሷ ግን ሻንጣዋን አቆመች፣ ጎንበስ አለችና «እንደምን ነዎት?» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እህቴ ታላቅ ማክበር አስተምራ ነው የላከቻት፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው ብዬ ተውኩት። ግን አልለቀቃትም። ሃውቶርን በምትገኘው ጠባብ አፓርትመንታችን ሁለት ወር ሙሉ «ውሃ ይሰጡኛል?»፣ «መብራቱን ላጥፋልዎት?» እያለች ኖረች። አታስቸግርም፣ አታኮርፍም፣ የበላችበትን ሳህን ራሷ ታጥባለች። «አንቺ በይኝ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ነኝ» ስላት፣ «እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ትለኛለች። እህቴን ስታነሳ ግን «እማዬ» ነው የምትላት። ለእህቴ ደውዬ ባለቅስባት፣ «አታስገድጃት፣ ጊዜ ስጫት» አለችኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ያን ጊዜ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት የጠዋት ሺፍት ነበረኝ፤ ቁርስ እሠራለሁ። አንድ ቀን ከታች ያለችው ሜክሲኳዊት ጎረቤቴ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ጠብቃ፣ የእንቁላል ቅርፊት አጠራቅሚልኝ አለችኝ። ጫፉን ብቻ እንድከፍተው፣ ሌላው እንዳይሰበር በእጇ አሳየችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ለፋሲካ ነው፣ ለልጆቹ። ልጅሽንም አምጫት» አለች። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም ያው ስለሆነ በደንብ እንግባባለን።

ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር እንቁላል የሚያዝዝ ደንበኛ ጥቂት ነው። ያዘዘ ሲገኝ ጫፉን በቢላ ሳንቲም በምታህል ቀዳዳ ከፍቼ፣ ውስጡን አራግፌ፣ ቅርፊቱን አጥቤ መልሼ ካርቶኑ ላይ አሰልፋለሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጿሚ ናቸው፤ ወደ እንቁላሉ እንኳን ማየት አይወዱም።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ፣ እንቁላሉን እንደ ሽቶ ጠርሙስ የምትከፍቺው? ሰው እኮ ተርቦ ቁጭ ብሏል» አሉኝ።

«ለልጆች መጫወቻ ነው እትዬ።»

«ወይ አሜሪካ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ግን የቅርፊቱን ካርቶን ማንም እንዳይነካው ከፍ አድርገው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውት አገኘሁ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ የእኛም የፈረንጁም አንድ ቀን ዋለ። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ወረድኩ። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ስኒዎች ውስጥ ኮምጣጤና የምግብ ቀለም በጥብጠን ቅርፊቶቹን ነከርን። ልጆቹ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያና ባለቀለም ወረቀት እየቆራረጡ ብናኙን በቀዳዳው ይሞላሉ፤ እኔ በስስ ወረቀት አፉን እለጥፋለሁ። ጎረቤቴ ነገ እንቁላሎቹን አንዱ የሌላው ራስ ላይ እንደሚሰብራቸው፣ የተሰበረበትም መልካም ዕድል እንደሚያገኝ ነገረችን። ልጄ እንግሊዝኛው ገና አልገባትም ነበር። እኔም ልተረጉምላት ሲገባኝ በሙጫው ተወጥሬ ረሳሁት።

ልጄ አንዱን እንቁላል ለብቻው ይዛ ነበር። ሰማያዊ ነክራ፣ ደርቆ ሲያበቃ ወረቀት ሞልታ፣ በክብሪት እንጨት ነጫጭ ነጠብጣብ አደረገችበት። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየችበትና ነጠብጣቡ እንዲደርቅ ከሌሎቹ ጋር ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለእማዬ የምልክላት ነው» አለችኝ።

ወደ ሙጫዬ ተመለስኩ።

እሁድ ከቸርች ስንመለስ ግቢው ውስጥ ጨዋታው ተጀምሮ ነበር። የጎረቤቴ ልጆች ገና ከመኪናው ስወርድ ራሴ ላይ ሁለት ሰበሩብኝ። ልጄ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እንደዚያ ብቻዋን ሳያት ጨዋታው ውስጥ ላስገባት ብዬ ከካርቶኑ አንድ እንቁላል ሳላይ አነሳሁና ከኋላዋ ሄጄ ራሷ ላይ ሰበርኩት። ወረቀቱ ትከሻዋ ላይ ተበተነ። ቅርፊቱ እግሯ ሥር ሲወድቅ ባለ ነጠብጣቡ ሰማያዊ መሆኑን ያኔ አየሁ።

ዞር ብላ አፈጠጠችብኝ።

«ምን አደረግሽ? የኔን እኮ ነው የሰበርሽው! ለእማዬ ነው ብዬሽ አልነበር? አታዪም እንዴ አንቺ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ሁለት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ሲወርድ ተሰማኝ።

«እያለቀስሽ ነው?» አለች፣ ትንሽ ደንግጣ።

«አይ።»

«ታዲያ ለምን ትስቂያለሽ? ምንም አያስቅም።»

«ልክ ነሽ፣ አያስቅም። አላየሁትም የኔ ልጅ፣ ይቅርታ። ሌላ እንሥራ።»

«ያንን አይመስልም።»

«አይመስልም» አልኳት።

የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ነገሩ ምን እንደሆነ ባታውቅም ቀይ እንቁላል አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ወደ እኔ ጠቆመች። ልጄ አንዴ እንቁላሉን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ አናቴ ላይ አሳረፈችው። የምሬን ነው፣ አመመኝ። ትንሽ ቆይታ ሦስቱም ልጆች በመኪኖቹ መሃል ሲሳደዱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ራሷ በጎነጎነችው ሹሩባ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ስላለ፣ ጉልበቴ መሃል አስቀምጬ ጸጉሯን እፈታላት ጀመር። ከመጣች ጀምሮ ጸጉሯን ስነካው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አንገቷን እየሰበቀች ትነጫነጫለች፤ «ቀስ በይ እንጂ፣ ያመኛል» ትለኛለች። ቀስ አልኩ። ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወረቀቱን አንድ በአንድ በጣቴ እለቅም ጀመር። ቶሎ እንዲያልቅም አልፈለግኩም።