ኃይሌ በዪው ያሉኝ አባቴ

ትናንት ዝናቡ ሳያባራ ማርታ መሐመድ ቤቴ መጣች። ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታ ለቪዛ ወረቀት ታሰባስባለች። አንገቷን ደፍታ፣ «ቲቸር፣ ጉዳይ አስፈጻሚው መሐመድን መኮንን አድርጊው፣ ለቪዛው ይቀልሻል አለኝ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ስንት ዘመን አልፎ፣ ዛሬም ያችው ምክር!

እኔ ጽጌማርያም ሁሴን ነኝ። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ነበሩ፤ ስም የሚያወጡልን በየተራ ነው። ታላቅ ወንድሜን አባቴ እንድሪስ አለው፣ እኔን እናቴ ጽጌማርያም አለችኝ። በትውልድ ከተማዬ በመካነ ሰላም በዚህ የተገረመ ሰው አላስታውስም። እኔም ኤምባሲ እስክገባ ድረስ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

ያኔ አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል፤ የቀረኝ ቪዛው ነው። ለኑሮዬ ኃላፊነት የሚወስድ ዘመድ ስለሚጠየቅ፣ ዓረብ አገር የሚሠራው እንድሪስ ፈርሞ ላከልኝ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሴትዮ ወረቀቶቹን አገላብጣ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

«ይህ ሰው በምን ወንድምሽ ሆነ?»

«በአባትም በእናትም።»

«ታዲያ ስማችሁ ለምን የሁለት ሃይማኖት ሆነ?»

«የእሱን አባታችን፣ የእኔን እናታችን ስላወጡት ነዋ! ሌላ ምን ልበልዎት?»

ዝምድናው አላሳመነንም የሚል ወረቀት ተያይዞ ፓስፖርቴ ተመለሰ። ትምህርቱ ሊጀመር የቀረው ከወር ብዙም አይበልጥም።

ደሴ ላይ ያማከርኩት ጉዳይ አስፈጻሚ ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ! ዓረብ አገር ለመሄድ ስንቷ ወለተማርያም ዘሃራ ሆናለች። የአባትሽን ስም ኃይሌ በዪው፤ ሌላ ወንድም እኔ እፈልግልሻለሁ።» ሌላ ወንድም! ከሱቅ እንደሚገዛ ነገር።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ የነሐሴ ጭቃ ነበር። ጉጉፍቱ ከተባለው ደጋ ላይ አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት ወረድንና ጉሙ ውስጥ ቆመን ቆሎ ቆረጠምን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እውነቱን ልናገር፣ እዚያ ቆሜ ኃይሌ የሚለውን ስም በልቤ ሞክሬዋለሁ። ጽጌማርያም ኃይሌ። ያንን እስከዛሬ አፍርበታለሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ከአረም ተመልሰው እግራቸውን ይታጠቡ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ኃይሌ በዪው፣ ልጄ» አሉኝ። «ጠራሽኝም አልጠራሽኝም አባትሽ ነኝ። አብሽሪ፣ ወላሂ ቅር አይለኝም።»

ይህን ሲሉ እጃቸው እግራቸው ላይ ቀርቶ ነበር። ቅር እንዳላቸው ያኔ አወቅሁ።

«አልለውጥም!» ብዬ ጮህኩ። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ቪዛው ገደል ይግባ! እርስዎን ፍቄ የምማረው ትምህርት በአፍንጫዬ ይውጣ!»

በማግስቱ ሦስት ምስክር ይዤ ቀበሌ ሄድኩ፦ የአባቴን ወንድም ሼኩን፣ የእናቴን ንስሐ አባት፣ እኔንም እንድሪስንም ያዋለዱትን እማማ የሺን። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ፎርም የለንም አለ። «እንግዲያስ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ሳትጽፈው አልነሳም» ብዬ ቁጭ አልኩ። ሼኩና ቄሱ ከሥር ከሥር ፈረሙ። እማማ የሺ ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን እያሳዩ፣ «ሁለቱንም በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳቸው። ማን ነው ወንድምሽ አይደለም የሚላት?» ብለው ጸሐፊው ላይ አፈጠጡ፤ ያ ምስኪን ምን አጠፋ!

ወረቀቱን አስተርጉሜ የኤምባሲውን ያንኑ መስኮት ተመልሼ አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ጣት ያረፈበትን ወረቀት ደጋግማ አየችው። ቪዛው ሲሰጠኝ ትምህርቱ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ ሄድኩ።

እዚያ እንደደረስኩ ለመኖሪያ ፈቃድ ተሰለፍኩ። አንዱ ሠራተኛ ብቅ ብሎ «ሚስ ሁሴን!» ሲል ማንም አልተነሳም። ለካስ በእነሱ አገር የሚጠራው የአባት ስም ነው! «አቤት!» አልኩ በአማርኛ፣ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። የዚያን ሰሞን ለአባቴ ስልክ ደወልኩ።

«እዚህ ስሜን የሚጠራ የለም፤ መምህሩም ፖሊሱም ሁሴን ነው የሚለኝ።»

አባቴ በሳቅ ፈረሱ። «እንግዲያማ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ በይኛ!»

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። ጊዜው ያለፈበትን የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን ግን አልጣልኩትም፤ ትናንት ከመሳቢያ አውጥቼ ለማርታ ሰጠኋት። የአባቴን ስም አነበበችና ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ቢከለክሉኝስ?»

«ይከልክሉሽ! ሦስት ምስክር ይዘሽ ትመለሻለሽ። አንዷ እኔ ነኝ።»