አውራዋ እስክትገባ

በባምባሲ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ወንድ ነው፤ ሴት ዛፍ አትወጣም። ጎረቤቴ ጸሐይነሽ ይህን ልማድ አልሻረችውም፣ ዞረችው። ዘመናዊው ባለሳጥን ቀፎ መሬት ላይ እንደሚቀመጥ ባየች ጊዜ «ታዲያ ይሄ ምን ዛፍ ያስፈልገዋል?» አለችና አንዱን ከጓሮዋ ማንጎ ሥር አኖረች። በደርግ ሰፈራ ከወሎ የእናቷን ቀሚስ ይዛ የመጣች ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። የወለጋው ባሏ ለሜሳ ጉባ ግድቡ ላይ ፌራዮ ሆኖ ብረት ሲያስር በቆየባቸው ዓመታት ቤቱን ያቆመችው በማሩ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ በአጥር እንዋሰናለን።

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ የመንጋው እናት፣ አሮጊቷ አውራ ሞተች። ንቦቹ ከቀራቸው እጭ አንዲት ወጣት አውራ አሳደጉ። ሌላ እጭ ግን አልተረፈም። ይህችኛዋ ከጠፋች ቀፎው ቀስ በቀስ ባዶ እንደሚቀር ጸሐይነሽ ታውቃለች፤ ለዚህም ነው ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ሁሉ ትታ ከቀፎው አጠገብ በርጩማ ላይ የምትቀመጠው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጮኸች።

«ጋሼ! ሙሽራዬ ገባች! ጅራቷ ላይ ነጭ ክር አለ!»

ከድንጉላ፣ ማለት ከወንድ ንብ፣ ጋር መገናኘቷን የሚያሳይ ምልክት ነው። ደስ አለኝ። አንዴ መውጣት ግን አይበቃትም፤ ደግማ ትወጣለች። ያነበብኩትንም ነገርኳት። ከድንጉላው ዘር ጋር የሚገባ ፈሳሽ አለ፤ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች የአውራዋን እይታ ያደክሙታል። ዳግም ለመውጣት ትቸኩላለች፣ ስትመለስ ደግሞ መንገድ ሊጠፋት ይችላል። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት፣ ለወንዱ የሚጠቅመው ከሌላ ወንድ ጋር ሳትገናኝ ብትቀር ነው። እሱ ግን እዚያው አየር ላይ ሞቷል። ይህ ነገር ብዙ ሌሊት አሳስቦኛል። አካሉ ወድቆ ፈቃዱ በሌላ ዓይን ውስጥ መቅረቱ፣ ይህን ምን እንበለው?

ጸሐይነሽ ስም አላጣችለትም።

«ሞቶም ይቀናል? ለሜሳ፣ ሰማህ? ሞቶም ይቀናል!»

«እኔማ» አለ ለሜሳ ከውስጥ፣ «በሕይወት እያለሁም የሰማኝ የለም።»

ስቃ ስታበቃ ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ቤቷን በምን ትለየዋለች?»

«ደጇ ላይ ባለው ነው። በማንጎው፣ በአጥሩ፣ በቀፎው ቀለም። እነሱ እንዳይቀያየሩባት እንጂ።»

በማግስቱ ከሰዓት አውራዋ ወጣች፤ ሁለታችንም አየናት። ብዙም ሳይቆይ ከወዲያ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ኤጀታ ለወንድ ልጁ ሠርግ ዳስ መጣል ጀመረ። ጎረምሶቹ አጥሩ ጥግ ግንድ ተከሉና አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ከቀፎው ፊት ለፊት እንደ ግድግዳ ወጠሩት። ጸሐይነሽ በርጩማውን ገልብጣ ተነሣች።

«ኤጀታ! በእናትህ አውርደው!»

«ምኑን?»

«ሸራውን! ሙሽራዬ ወጥታለች!»

«ኧረ ጸሐይነሽ! እኔስ ይህን የምጥለው ለሙሽራ አይደል? ነገ ሰው ይመጣል እኮ።»

«ያንተዋ ሚዜ አላት፣ መኪና አላት። የኔዋ ዓይኗ ፈዞ ብቻዋን ናት።»

ኤጀታ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ እውነቷን ነው?»

«ዓይኗ እንደሚደክም የተጻፈ ነው» አልኩት። «ይህችኛዋ ትጥፋ አትጥፋ ግን አላውቅም።»

«ዋቃዮ! ለንብ ብሎ ዳስ ያወረደ የት አገር አለ?» አለና ራሱ ሳቀ። «ፍቱት በሉ!»

ጎረምሶቹ እያጉረመረሙ ገመዱን ፈቱ፤ ግንዶቹንም ነቀሉ። ለሠርጉ ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቢላቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ተጠጉ። ጸሐይነሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። እኔም፣ ለአንዲት ንብ እንዲህ ሰማይ ላይ አፈጣለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

መጣች። በአጥሩ ላይ ሰፋ አድርጋ ዞረች፤ ወደ ኤጀታ ጣሪያ ሄደች፤ ቀረች ስንል ተመለሰች። ማንጎውን ታክካ ወረደችና ቀፎው አፍ ላይ አረፈች። ነጩ ክር አለ። ስትገባ ሽንኩርት ላጮቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ፣ ሁሉም ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ኤጀታ ዳሱን በቤቱ በሌላኛው ወገን ጣለው። በማግስቱ የሰው ሙሽራ ስትመጣ ዓይነ ርግቧ ጋርዷት ደጃፉ ላይ ተደናቀፈች። ጸሐይነሽ ከእንግዶቹ መሃል «ሸራውን አውርዱላት!» ብላ ጮኸች። ሙሽራዋ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ሳምንት አልፎ ቀፎውን ከፈትን። ለሜሳ ማጨሻውን ይዟል፤ እኔ መነጽሬን ጠርጌ አጎነበስኩ። በሰፈፉ ቀዳዳዎች ግርጌ አንዳንድ ቀጭን ነጭ እንቁላል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጸሐይነሽ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀና አለችና በአጥሩ ላይ ተጣራች።

«ኤጀታ! ና፣ የሙሽራዬን ልጆች እይ! ያንተዋ ገና ናት!»