ሳጥኑ በማን እጅ ነበር

በቢቸና የሳይንስ አስተማሪ፣ በኋላም በሞጣ ራዲዮ ጠጋኝ የነበሩት መምህር በላቸው ባለፈው ወር ሱቃቸው ውስጥ ሥራ ላይ እንዳሉ ዐርፈዋል። የተገኙት ወንበራቸው ላይ ተደግፈው፣ ካቻቪቴው ከእጃቸው ሳይወጣ፣ ጀርባው የተከፈተ የሰው ራዲዮ ፊታቸው እንደተቀመጠ ነው። ራዲዮው ይናገር ነበር አሉ። ቀብራቸው በዚያው በሞጣ ተፈጽሟል። ከቢቸናም ብዙ ሰው መጥቶ ነበር፤ በሕይወት ሳሉ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ፊቱን ያዞር የነበረ ሁሉ ጃንጥላውን ዘርግቶ መጣ። ከእነዚያ አንዱ እኔ ነኝ። ይህን የጻፍሁት አርባቸውን ለማውጣት ለምትሰበሰቡ ሁሉ ነው፤ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እለምናለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ቢቸና የወፍጮ ቤት መካኒክ ነኝ። ጋሼ በላቸውን ያወቅኋቸው በአንዲት ሴት ነጠላ ምክንያት ነው። እህል ልታስፈጭ የመጣች ሴት ነጠላዋን የሞተሩ ቺንጋ ያዘባት፤ ሮጬ እስካጠፋው ድረስ አንገቷ ተልጦ ነበር። ከሐረር ተመድበው የመጡ አንድ ቀጭን መምህር በሩ ላይ ቆመው ሞተሩን ያዩ ነበር። ሰው ሁሉ «ነጠላሽን አትሰበስቢም?» እያለ ሴትዮዋ ላይ ሲጮህ እሳቸው ወደ እኔ መጡና «ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ያንተ ነው» አሉኝ። ተናደድሁ። በማግስቱ ገመድና ሞላ ይዘው ተመለሱ። እኔ እያኮረፍሁ እሳቸው እየለፉ፣ ገመዱን የያዘው ሰው እጁን ሲለቅ ሞተሩ ወዲያው የሚጠፋበትን ዘዴ ሠሩልኝ። «እጅ ሲለቀው ይቁም» አሉ። ከጸሎታቸው ይልቅ ይህን ቃል ይደጋግሙት እንደነበር ተማሪዎቻቸው ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በወፍጮ ቤቴ አንድም ሰው አልተጎዳም።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለቤቱ ጥሏት የሄደ አሮጌ ጂፕ ነበረች፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ዙሪያዋን ዞረው አይተው «ይህችን ያለ ሹፌር እንንዳት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በሹፌርስ መቼ ሄደች?» አልኋቸው።

«እሱ ያንተ ሥራ ነው። ቀሪውን ለእኔ ተወው።»

ሁለት ክረምት ፈጀብን። እኔ ሞተሩን አስነሣሁ፤ እሳቸው መሪውን በብስክሌት ካቴና ከአንዲት ትንሽ ሞተር ጋር አገናኙ፤ ፍሬኑን የሚስብ ሽቦ ዘረጉ፤ ከተበላሹ ራዲዮዎች በለቀሙት ዕቃ አንቴና ያለው የእንጨት ሳጥን ሠሩ። ሳጥኑን የያዘ ሰው መኪናዋን ሳይነካ ከሩቅ ይመራታል። ሦስት ቁልፎች ነበሩት፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ሦስተኛው ቀይ ሲሆን መኪናዋ እንድትሄድ ሳይለቁ መጫን ያስፈልጋል። አውራ ጣት ከእሱ ላይ ከተነሣ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። እጅ ሲለቀው ይቁም!

ወሬው ሲሰማ የደብሩ መሪጌታ የምንሞክርባት ሜዳ ድረስ መጡ። «ውስጧ ምን አስገብታችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ አልተከራከሯቸውም፤ በሩን ከፍተው «ይግቡና ይዩት» አሉ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ባዶዋን ጂፕ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሩባት። ሲወርዱ ላባቸውን ጠርገው «ሰይጣን እንዲህ ቀስ ብሎ አይነዳም» አሉ። ጋሼ በላቸው የዚያን ቀን ሣሩ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

መሪጌታ ሐሜተኛውን ዝም ቢያሰኙልንም ሹሞች ሰሙ። የበዓል ኮሚቴው ሰብሳቢ አስጠርተውን በጃንሆይ የልደት ቀን ጂፒቱ ሥዕላቸውን በሹፌሩ ወንበር ላይ ይዛ በሕዝቡ ፊት ብቻዋን እንድታልፍ አዘዙ። ጋሼ «ለአደባባይ ገና ናት» አሉ። እሺ ያልሁት እኔ ነኝ። ሳጥኑንም እኔ ልያዝ ብዬ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም።

ማንም ያላወቀው ደግሞ ተአምሩ እንዲበዛ ሁለታችን ከድንኳን ጀርባ እንድንደበቅ ስለታዘዝን ነው። ጠዋት ስንሞክራት ጣቴ በላብ እያዳለጠኝ ቀዩን ቁልፍ ለቀቅ ባደረግሁ ቁጥር ፍሬኑ ድንገት ይይዝና ሥዕሉ ወደ ፊት ይደፋ ነበር። በሕዝብ ፊት ጃንሆይ ሲደፉ ታየኝ፤ ፈራሁ። ጋሼ ሽቦ ሊያጠብቁ ዞር ሲሉ ቁልፉን እንደተጫነ በጎማ ላስቲክ አሰርሁት። አልነገርኋቸውም።

ጂፒቱ ሥዕሉን ይዛ ወጣች። ሥዕሉ በደረሰበት ሁሉ ሕዝቡ መሬት እስኪነካ እየጎነበሰ እጅ ይነሣ ነበር። ጋሼና እኔ በድንኳኑ ክፍተት እናያለን። መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ ስትደርስ ሥዕሉ በእኛ ትይዩ ሆነ። እኔም ሳጥኑን እንደያዝሁ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ከድንኳን ጀርባ ማንም አያየኝም ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ወገቤ ከሕፃንነቴ የለመደውን አደረገ፤ ዓይኔም መሬት መሬት አየ። ያ የጋሼ ቀይ ቁልፍ ለእንደዚህ ያለ ጊዜ የተሠራ ነበር፤ እኔ ግን አስሬዋለሁ። የብረት ድምፅ ሰማሁ። ጂፒቱ ሳትታጠፍ ቦይ ውስጥ ገብታለች፤ መስተዋቱ ረግፎ ሥዕሉ ጭቃ ላይ በፊቱ ተደፍቷል።

ገና ቀና ሳልል አንድ እጅ ሳጥኑን ነጠቀኝ። ጋሼ በላቸው ላስቲኩን በጥሰው ኪሳቸው ከተቱ። «ስድስት ልጆች አሉህ። ዝም በል» አሉኝ። ፖሊሶች ድንኳኑን ዞረው ሲመጡ ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመው ነበር።

«ማነው የያዘው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

«አንተስ?» አሉኝ ፖሊሶቹ።

«እኔ መካኒክ ነኝ» አልሁ።

ታሰሩ፤ ከማስተማር ሥራቸውም ተባረሩ። «ንጉሡን ቦይ የከተተው» ተባሉ። ይህን ስም ስትጠሯቸው የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔም ሰዎች ሲሉት አብሬ ስቄያለሁ። እስር ቤቱ ከወፍጮ ቤቴ ሩቅ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ስንቅ ይዤላቸው አልሄድሁም።

ከተፈቱ በኋላ ሞጣ ገብተው ያችን ባለ አንድ በር ሱቅ ሲከፍቱ ራዲዮ የማሠራ መስዬ ሄድሁ። ወንበር ሰጡኝ። «ስንቅ ያመጡልኝ የነበሩት የማላውቃቸው ሴቶች ናቸው» አሉ፤ «አንዷ አንገቷ ላይ ጠባሳ ነበራት። ታውቃታለህ።» አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ሲያብሰለስሉት የኖሩትን ጠየቁኝ።

«ላስቲኩን ለምን አሰርኸው?»

«ሥዕሉ እንዳይነቃነቅ ብዬ።»

የያዙትን ራዲዮ አስቀመጡ። «ብትነግረኝ ኖሮ ቀስ ብሎ የሚይዝ ፍሬን እሠራልህ ነበር። የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

«ሄጄ እውነቱን ልናገር?» አልኋቸው።

«እሱን አንተ ታውቃለህ» ብለው ወደ ራዲዮአቸው ተመለሱ።

አልተናገርሁም። ዓመት ዓመትን ተካ፤ ልጆቼ አደጉ፤ ምክንያቴ አለቀ፤ አሁንም አልተናገርሁም። ጂፒቱ እስከ ዛሬ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ዝጋ ቆማለች። በቀብሩ ዕለት አንዱ ትልቅ ሰው «አንድ ጊዜ ከመሳሳታቸው በቀር መልካም ሰው ነበሩ» ሲል ሰማሁ። ሰዉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ። ጋሼ በላቸው አልተሳሳቱም። ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ የጎነበስሁት እኔ ነኝ። ይህን የሚያነብ ሹም ካለ የወፍጮ ቤቱን መንገድ ያውቀዋል።

ጋሼ በላቸው፣ በቁምዎ እውነቱን ልናገርልዎ ሲገባኝ መቃብርዎ ላይ አፈር ካለበስሁ በኋላ መጣሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ይህንንም በእርስዎ ላይ ልጭን አልፈልግም። ያ ሳጥን የእኔ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ተሸክመውልኛል። ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ተቀብዬዎታለሁ። አሁን እጅዎን ይልቀቁት፣ ጋሼ። ይቁም።